ማይክሮስኮፕ ለምትይዙ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ማይክሮስኮፕ ፊት ስትቀመጡ እጃችሁ ቶሎ ወደ ትልቁ ሌንስ ይሄዳል። ታገሡ። 10 ጊዜ በሚያጎላው ሌንስ ጀምራችሁ ቦታውን ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ 40፣ በመጨረሻ ወደ 100 እለፉ። የዓይን ሌንሱ 10 ስለሆነ በ100ው የምታዩት 1000 ጊዜ ጎልቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ምስሉ ይሰፋል እንጂ አዲስ ነገር አይወጣበትም፤ በብርሃን ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች የተቀራረቡ ነጥቦች አይለዩምና። ለአብዛኛው ቫይረስ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የ100ው ሌንስ ያለ ኢመርሽን ኦይል (በስላይዱና በሌንሱ መካከል የሚደረግ ዘይት) አይሠራም። ከመስታወት ወደ አየር የሚወጣ ብርሃን ታጥፎ ከሌንሱ ውጭ ይበተናል፤ ዘይቱ እንደ መስታወቱ ስለሆነ ግን ብርሃኑን ሳያጥፍ ያሳልፋል። አንድ ጠብታ ይበቃል። ዘይት ካደረጋችሁ በኋላ ወደ 40 አትመለሱ። 40ው ዘይት ሲነካው ሁሉም ጉም ይመስላል፤ «ማይክሮስኮፑ ተበላሸ» ከማለታችሁ በፊት እሱን አረጋግጡ።

ከሁሉ የሚረሳው ኮንደንሰሩ (ከስላይዱ በታች ብርሃን የሚሰበስበው ሌንስ) ነው። በዘይት ስታዩ ወደ ላይ ከፍ አድርጉት፣ አይሪሱንም (የብርሃኑን መጠን የሚወስነውን ቀዳዳ) ክፈቱ። ያልተቀባ ሰገራ በ10 እና በ40 ስታዩ ግን አይሪሱን አጥብቡ፤ አለዚያ ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሲስት (በሽፋን የታሸገ ቅርጹ) በብርሃኑ ውስጥ ይጠፋል።

በወባ ምርመራ ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሌንሱ በፊት ይጀምራል። ቀጭኑን የደም ፊልም በሜታኖል ንከሩ፤ ወፍራሙን ግን ሜታኖል እንዳይነካው፣ ቀይ የደም ሴሎቹ በውኃ መፍረስ አለባቸው። በ10% ጊምሳ ቀለም 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። የቀለሙ ማቅጠኛ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.2 ይሁን፤ አሲዳማ ከሆነ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በያዘው ቀይ የደም ሴል ላይ የሚታዩት ነጠብጣቦች አይታዩም። በአገራችን ፋልሲፓረም የተባለው ሌላው የወባ ዓይነትም ቫይቫክስም ስላሉ ይህ ሕክምና የሚለውጥ ስሕተት ነው። ወፍራሙን ፊልም ቢያንስ 100 ፊልድ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክብ ቦታ) ሳታዩ «ኔጋቲቭ» አትጻፉ።

ኦራሚን የተባለ የሚያበራ ቀለም ለተቀባ የአክታ ስላይድ ኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ተጠቀሙበት። የቲቢ ባክቴሪያው በጨለማ ላይ ስለሚያበራ በአነስተኛ ማጉያ ሰፊ ቦታ ቶሎ ታያላችሁ። ቀለሙ በብርሃን ይደበዝዛልና ስላይዱን ጨለማ ውስጥ አኑሩ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም አንብቡ። ትንኝ ለመለየት ደግሞ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ (ሙሉውን ነገር በዝቅተኛ ማጉያ የሚያሳይ) ይበቃል፤ የክንፉና የእግሩ ቀለበቶች በዝቅተኛ ማጉያ ነው በደንብ የሚታዩት።

ሥራ ሲያበቃ ዘይቱን በሌንስ ወረቀት ጥረጉ። የቁስል ጋዝ (ስስ ጨርቅ) እና ጥጥ ሌንስ ይጭራሉ። ወበቃማ ቦታ የምትሠሩ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) አኑሩና ቀለሙ ሲለወጥ አሙቃችሁ አድርቁት፤ ሌንስ ላይ የበቀለ ሻጋታ መስታወቱን ይበላል።