በዝቅተኛ ድምፅ ለማዳመጥ የሚሻለው አምፕሊፋየር
ልጆች ከተኙ በኋላ ሙዚቃ በቀስታ ለማዳመጥ ከአምፕሊፋየር ዓይነቶች ክላስ ኤ፣ ኤቢ ወይስ ዲ እንደሚሻል ጠይቀዋል። ስፒከርዎ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል (ለሌሊት እጅግ የበዛ ድምፅ) የሚሰጥ ከሆነ፣ ሌሊት የሚጠቀሙት ከ1 ዋት እጅግ ያነሰ ስለሆነ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 100 ዋት አያማልልዎት። ክላስ ኤ ሙዚቃው ጸጥ ባለበት ጊዜም ኤሌክትሪክ እየበላ እንደ ምጣድ ይግላል፤ በደንብ የተሠራ ክላስ ኤቢ ግን በዚህ ዝቅተኛ ኃይል ላይ እንደ ክላስ ኤ ስለሚሠራ፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ክላስ ዲ ቆጣቢ ነው፤ ሆኖም ከመግዛትዎ በፊት ሙዚቃ ሳይከፍቱ ጆሮዎን ወደ ትዊተሩ (ቀጭን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሹ የስፒከር ክፍል) አስጠግተው «ሽሽ» የሚል ድምፅ አለመኖሩን ያረጋግጡ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ወደ ዜሮ ሲያስጠጉት አንደኛው ስፒከር ቀድሞ የሚጠፋ ከሆነም (በርካሾቹ ላይ የተለመደ ነው) ይተዉት። ቤዙ ቢሳሳብዎት ግን ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ሳይሆን፣ ድምፅ ሲቀንስ ቤዝን በቅጡ የማይሰማው የጆሯችን ነው፤ «ላውድነስ» የሚባለው ቁልፍ የተሠራውም ለዚሁ ነው።