ክረምቱን ኪሱሙ ወይስ አውሮፓ? ለጠየቅሽው ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የሦስተኛ ዓመት የዓሣ ሀብት ተማሪ ነሽ፤ ለክረምቱ ኢንተርንሺፕ ሁለት የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ተቀብለውሻል። አንዱ ኬንያ፣ ኪሱሙ አጠገብ ሆኖ ማደሪያ ብቻ ይሰጣል። ሌላው አውሮፓ ሆኖ «የፕሮግራም ክፍያ» ይጠይቃል። ቤተሰብ አውሮፓውን ይላል፣ አንቺ ግራ ገብቶሻል። እኔ በ2010 ዓ.ም ክረምት ከአንድ ትንሽ ድርጅት ጋር ኪሱሙ አካባቢ ሁለት ወር ሠርቻለሁ። ስለዚህ ወደ አንድ ወገን አደላለሁ፤ ይህን ልብ ብለሽ አንብቢው።

ክፍያውን በአጭሩ እንለፈው። ከፍለሽ የምትሠሪበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንቺን የሚያይሽ እንደ ጎብኚ ነው። ሁሉም አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ግን አንድ የክፍሌ ልጅ «ለማመልከቻ» ተብሎ ብር ከላከ በኋላ ለኢሜይሉ መልስ የሚሰጠው ሰው አጥቶ ቀርቷል። ሳትከፍዪ በፊት «አምና እናንተ ጋ ከሠራ ተማሪ ጋር አገናኙኝ» በያቸው። ካንገራገሩ መልሱን አገኘሽው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ። ኪሱሙ ያለችበት የቪክቶሪያ ሐይቅ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣናን ሃያ ጊዜ ይውጠዋል። ያም ሆኖ ዱንጋ የሚባለው የዓሣ አጥማጆች ወደብ ላይ የቆምኩ ቀን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ የጣና ዳር የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ያው ደንገል፣ ያው የጭቃና የዓሣ ሽታ፣ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌዎች። እነሱ ከደንገሉ ምንጣፍና ቅርጫት ይሠራሉ። የኛን የደንገል ታንኳ ፎቶ ከስልኬ ላይ ሳሳያቸው «በዚህ ሣር ሰው ውሃ ላይ ይሄዳል?» ብለው ሳቁብኝ።

እምቦጩም አለ። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ቪክቶሪያ ላይ የታየው ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ነበር። ሃያ ዓመት ቀድመውን ታመዋል ማለት ነው። ወደዚያ ሂጂ የምልሽ ዋናው ምክንያቴም ይኸው ነው። በእጅ ነቅለዋል፣ በማሽን አጭደዋል። በፈረንጆቹ 1997 ደግሞ ኬንያ እምቦጩን የሚበላ ጢንዚዛ ለቀቀች። ከጥቂት ዓመት በኋላ አረሙ በጣም ቀነሰ። ጢንዚዛው ነው የሚል አለ፣ የኤልኒኖው ዝናብና ማዕበል ነው የሚልም አለ፤ ሻይ ላይ ሲከራከሩ ብዙ ሰምቻለሁ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከከተማና ከእርሻ የሚወርደው ምግቡም አልቆመም።

ይህን ሁሉ ከመሄዴ በፊት አንብቤው ነበር። አንብቤው ግን አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደቡ ስደርስ ማታ ንጹሕ የነበረው ውሃ አረንጓዴ ሜዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ነፋስ እየገፋ አምጥቶት ጀልባዎቹን ዘግቶባቸዋል። እኔ በአገሬ ልማድ «ሰው እንሰብስብና እንንቀል» አልኩ። አንዱ አዛውንት ከመረባቸው ቀና ሳይሉ «ያመጣው ነፋስ ይወስደዋል፣ አንተ ሻይ ጠጣ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ወሰደው። እኛ በዘመቻ ስንት ሄክታር ነቀልን ብለን ስንቆጥር ኖረናል። ከዚያ ወዲህ እኔ የማየው የፎገራን ማሳ፣ የጉማራና የመገጭ ወንዞችን ደለል፣ የከተማችንን ፍሳሽ ነው። መንቀሉ ከንቱ ነው እንዳትዪኝ፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሥራዬ ከጀልባ የወረደ ዓሣ እየመዘንኩ መመዝገብ ነበር። በብዛት የምመዝነው ምቡታ የሚሉትን የናይል ፐርች ነው። ይህን ዓሣ ወደ ሐይቁ ያስገባው ሰው ነው፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ። ገንዘብ አምጥቷል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐይቁ ትንንሽ ዝርያዎች ለመጥፋታቸው አንዱ ዋና ምክንያትም እሱ ነው። ያን ጊዜ ነው የኛ ነጭ ዓሣ ትዝ ያለኝ። ነጭ ዓሣ የምንላቸው የላቢዮባርበስ ወገኖች ናቸው፤ ከ17ቱ ዝርያዎቻችን 15ቱ ከጣና በቀር የትም የሉም። የናይል ፐርች ከታች ወደ ላይ ያልወጣብን ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለከለከለው ነው። እኔ ፏፏቴውን የማውቀው እንግዳ ሲመጣ ፎቶ መነሻ አድርጌ ነበር።

ተቆጣጣሪዬ ይህን ስነግራት «ታዲያ ለመራባት ወደ ጉማራ ሲወጡ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚጥለው ማነው? በየትኛው ሳምንት?» አለችኝ። የባሕር ዳር ልጅ ሆኜ ከሌክቸር ኖት ያለፈ መልስ አጣሁ። አንቺን እንዲህ እንዳያገኙሽ የሰኔን ቅዳሜዎች ከዓሣ አጥማጆች ጋር አሳልፊ፤ ስለ ደንገል ታንኳውን የሚሠሩትን የወይጦ ሽማግሌዎች ጠይቂ። እዚያ ዋጋ የሚሰጥሽ ስለ ጣና የምታውቂው ነው።

አሰልቺ ጊዜ አለው፣ አልደብቅሽም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቢሮ ቁጭ ብዬ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ «ለዚህ ነው ወይ አገር አቋርጬ የመጣሁት?» እያልኩ ነበር። በኋላ ሚዛን ላይ ስቆም የቱ ቁጥር ስህተት እንደሆነ ገና ሳየው የማውቀው በዚያ ምክንያት ሆነ።

የኔን ስህተት ግን አትድገሚ። ቅጽ ላይ በልማዴ በኛ አቆጣጠር 7/11/2010 ብዬ ጻፍኩ። ለኔ ሐምሌ 7 ነው። ለእነሱ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ኅዳር ላይ የተመዘነ ዓሣ ሆነ። የሁለት ቀን መዝገብ አስተካክዬ እስክጨርስ ድረስ «ከጥንት የመጣው ልጅ» ተባልኩ። በሰዓት ግን አትቸገሪም፤ ስዋሂሊም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው፣ «ሳ ሞጃ» ማለት የኛው ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ቅጹ ላይ ግን የፈረንጁን ጻፊ።

ለመውጣት የቢጫ ወባ ካርድ ያዢ። ስለ ወባ መድኃኒት ሐኪም አማክሪ፣ የኪሱሙ ወባ ቀልድ አይደለም። ውሃው ውስጥ ዝም ብለሽ አትግቢ፣ ቢልሃርዚያ አለ። የልምምድ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣልሽ፣ በሪፖርቱ ላይ ስምሽ ይግባ አይግባ ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ ይንገሩሽ። የድጋፍ ደብዳቤውን ከዲፓርትመንት አሁኑኑ ጠይቂ፤ ፈተና ካለቀ በኋላ ፈራሚ ፍለጋ ስትዞሪ ትከርሚያለሽ።

ፍልሰታ እዚያው ይይዝሻል። ዓሣ የማትበዪ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በኡጋሊ፣ ማለትም በበቆሎ ገንፎ፣ እና በጎመን ይይዙሻል። ጾሙ ሲፈታ ኦሜና የሚሏትን ጣት የምታህል ዓሣ ያቀርቡልሻል። እንደ እኔ ራስ ራሷን እየቆረጥሽ አትልቀሚ፤ እንዳለች ነው የምትበላው።