ጠዋት የሚሮጥ፣ ቀን የሚያዘግም ክሮም

ጥያቄ፦ ቤት ያለው ኮምፒውተር ታይዋን ገበያ የተገዛ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው። ኮር አይ 5 4590፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ጠዋት ክሮም ደህና ይሠራል። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ግን አንድ ገጽ ለመክፈት ዕድሜ ይፈጃል፣ ዩቲዩብ ይቆራረጣል፣ የምጽፈው ፊደል እንኳ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ምንም አይሆንም። ካሽ አጠፋሁ፣ ክሮምን አውጥቼ እንደገና ጫንኩ፤ ያው ነው። አርጅቷል ልበል? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ ገና ነው። ግማሹን መልስ ራስህ ጽፈኸዋል። ስልክህ በዚያው ዋይፋይ ደህና ከሆነ መስመሩን ተወው። የምትጽፈው ፊደል መዘግየቱም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ፊደል ስክሪን ላይ ለማውጣት ኢንተርኔት አያስፈልግምና። ክሮም ራሱ ቢበላሽ ደግሞ ጠዋትና ቀን አይለይም ነበር። ድሬ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ የሚለወጠው ሙቀቱ ነው። ኮምፒውተርህ ሙቀት በዝቶበት ሆን ብሎ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይመስላል፤ የራሙ ማነስ ደግሞ ያባብስበታል። ያንኑ ኮምፒውተር ሐረር ወስደህ ብትከፍተው ችግሩ ላይታይህ ይችላል።

በነገራችን ላይ ካሽ ማጥፋት ክሮምን አያፈጥንም። ካሽ ማለት አንዴ የወረደ ሥዕልና ኮድ ዲስክ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ስታጠፋው ሁሉንም እንደገና ያወርዳል፤ ፓኬጅህን ትበላለህ እንጂ አታተርፍም። አንድ ገጽ ብቻ ተበላሽቶ ሲከፈት ይጠቅማል፣ አለቀ። «ያፈጥናል»፣ «ያጸዳል» የሚሉትን ፕሮግራሞችማ ጭራሽ አታስጠጋቸው።

ምንም ከመንካትህ በፊት ግምቴን አረጋግጥ። ጠዋት ሳይሆን በሚያዘግምበት ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት ገደማ፣ ዩቲዩብ እየሠራ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ትንሽ ሆኖ ከመጣ «ሞር ዲቴይልስ» በል፣ ከዚያ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ግባ። ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ።

አንደኛ፣ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለውን ተጫንና «ስፒድ» የሚለውን ከ«ቤዝ ስፒድ» ጋር አስተያይ። ያንተ ፕሮሰሰር ቤዝ 3.30 ጊጋኸርዝ ነው። ሥራ ሲበዛበት ከዚያ በላይ መሆን አለበት። «ዩቲላይዜሽን» 90 እና 100 በመቶ እያለ ስፒዱ 1.5 ወይም 2 ላይ ከተቀመጠ ሙቀት አንቆታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፤ ምንም ሥራ ሳይኖር 0.8 ቢያሳይ ጤነኛ ነው፣ እያረፈ ነው። ፍጥነቱ የሚነበበው ሥራ ላይ እያለ ብቻ ነው። ከመደምደምህ በፊት ግን ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብተህ «ፓወር ሴቨር» እንዳልተመረጠ እይ፤ እሱም ፍጥነት ይቀንሳል። ሁለተኛው ቁጥር የሚሞሪ፣ ማለትም የራሙ በመቶኛ፣ ሦስተኛው የዲስክ «አክቲቭ ታይም» ነው።

ቀን ላይ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። ፋኑ አየር አያቀዘቅዝም፤ ያለውን የክፍል አየር ነው የሚያመላልሰው። ክፍሉ ጠዋት 24 ዲግሪ ሆኖ ቀን 36 ከገባ፣ ፕሮሰሰሩም በዚያው ሥራ ላይ 12 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። አቧራ የደፈነው ማቀዝቀዣ ጠዋት 85 ላይ ይዞት ከነበረ ቀን ወደ 100 ይጠጋል፤ እዚያ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል።

ስለዚህ ማጽዳት ነው። አጥፋው፣ ገመዱን ከግድግዳ ንቀል፣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። በረንዳ አውጥተህ የጎን ክዳኑን ክፈት። ፋኑን ከላይ አይተህ «ንጹሕ ነው» እንዳትል። አቧራው የሚተኛው በፋኑና ከሥሩ ባሉት የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል ነው፤ ፋኑን ስታነሳ ልክ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ግራጫ ሆኖ ተነጥፎ ታገኘዋለህ። እሱን በእጅህ ላጠው፣ የቀረውን በደረቅ አዲስ የቀለም ብሩሽ አራግፈው። ፋኑን ስታጸዳ በጣትህ ያዘው፣ እንዳይሽከረከር። በአፍህ አትንፋ፤ ምራቅ ይገባል። ጎሚስታ ጋ ወስደህም አታስነፋ፤ የኮምፕሬሰሩ በርሜል ውስጥ የተጠራቀመው ውሃና ዘይት ከአየሩ ጋር ወጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ ይረጫል።

በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስትም ሳይደርቅ አይቀርም። ያገለገለ ኮምፒውተር የመጀመሪያውን የፋብሪካ ፔስት ይዞ ለዓመታት ይሠራል፤ ሲከፈት እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈራል። ለመቀየር መጀመሪያ ኮምፒውተሩን 5 ደቂቃ አሠራውና አጥፋው፤ ፔስቱ ሲሞቅ ይላላል። የማቀዝቀዣውን አራት ብሎኖች በሰያፍ፣ ጥቂት ጥቂት እያልክ ፍታ፣ ትንሽ ወዲያና ወዲህ አዙረህ አንሳው። አሮጌውን በአልኮልና በጥጥ ጥረግ፤ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ይሆናል፣ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቅ። አዲሱን ከምስር ፍሬ ብዙም ያልበለጠ መሃል ላይ አድርግ። «በደንብ ይቀባ» ብሎ ማብዛት ጉዳት ነው። ብሎኖቹን እንደ አፈታትህ በሰያፍ መልሰህ እሰር። ፔስት ነክተህ የማታውቅ ከሆነ ይህቺን ብቻ ለሠሪ ተው፤ አቧራውን ግን ራስህ ጥረግ።

ቦታውንም እይ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ምንጣፍ ላይ ከሆነ ወይም ጀርባው ግድግዳና መጋረጃ ላይ ከተጣበቀ ትኩስ አየሩ መውጫ የለውም። ከጀርባው አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፣ ከመሬትም አንሳው። ቤት ውስጥ ዳንቴል አልብሰውት ከሆነም አንሳልን፤ ያምራል፣ ግን ኮምፒውተሩ ሶፋ አይደለም።

አሁን ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁጥር። ሚሞሪው ከ90 በመቶ በላይ፣ ዲስኩም 100 በመቶ ላይ ከሆነ፣ እና በ4 ጊጋ መሆኑ አይቀርም፣ ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ሃርድ ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ የተበታተነ ነገር ልቀም ሲባል ይንቀራፈፋል። ፊደልህ የሚዘገየው በዚህም ሊሆን ይችላል። እዚያው ሚሞሪ ገጽ ላይ «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለውን አንብብ። ባዶ ማስገቢያ ካለ አንድ 4 ጊጋ ዲዲአር 3 1600 ጨምርና 8 አድርሰው። ስትገዛ «የዴስክቶፕ» በል፤ የላፕቶፑ አጭር ነው፣ ዲዲአር 4 ደግሞ ጎድጓዳው ቦታው ስለሚለይ አይገባም፣ በግድ አትግፋው።

ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃና ዲስኩ ሁልጊዜ 100 ላይ ከሆነ፣ ከራሙ በፊት 240 ወይም 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግዛ፤ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለውን። ክሮም ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጀምሮ ልዩነቱ ይታይሃል። ሱቅ ላይ «በዚያው ዊንዶውስ 11 እንጫንልህ» ቢሉህ ግን አትቸኩል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ እውነት ነው፤ ሆኖም 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፣ ያንተ አራተኛ ነው። በ4 ጊጋ ላይ በጓሮ በር ማስገባት ጭነት መጨመር ነው።

ክሮም ላይ የሚሠራው ጥቂት ነው። ሺፍትና ኤስኬፕ ስትጫን የራሱ ታስክ ማናጀር ይወጣል፤ የትኛው ታብ ወይም ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ራም እንደሚበላ በስም ያሳይሃል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን ተጭነህ በሚከፈተው ድብቅ መስኮት ያንኑ ገጽ ሞክር፤ እዚያ ኤክስቴንሽኖች ካልፈቀድክላቸው አይሠሩም። እዚያ ከፈጠነ ጥፋቱ የኤክስቴንሽን ነው፣ አንድ አንድ እያጠፋህ ፈልገው። ሴቲንግስ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ገብተህ «ሚሞሪ ሴቨር»ን አብራ። «ሲስተም» ውስጥ ደግሞ ክሮም ከተዘጋ በኋላም አፖች ከጀርባ እንዲሠሩ የሚያደርገውን አጥፋ።

ዩቲዩብ ብዙውን ቪዲዮ የሚልከው ቪፒ9 በሚባል አጨማመቅ ነው። ያንተ ዘመን ግራፊክስ ይህን ሙሉ በሙሉ በራሱ መፍታት ስለማይችል ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ፕሮሰሰሩም ይግላል። እስክታጸዳው ድረስ ጥራቱን ከ1080 ወደ 480 አውርደው።

ሁሉንም ከጨረስክ በኋላ በሌላ ቀን፣ በዚያው 8 ሰዓት፣ ዩቲዩብ እየሠራ ሦስቱን ቁጥር እንደገና አንብብ። «ዩቲላይዜሽን» ከፍ ብሎ ሳለ ስፒዱ ከ3.30 በታች ከሆነ ማቀዝቀዣው በትክክል አልተቀመጠም ወይም ፋኑ ደክሟል፤ የበፊቱንና የኋላውን ቁጥር ጎን ለጎን ጽፈህ ላክልን።