ካሬ፣ ኩብና የተጣመመ ግቢ፦ የልኬት ጥያቄና መልስ

ሳይት ላይ ሥራዬ መለካት ነበር። ብሎኬት ቆጥሬያለሁ፣ አሸዋ ለክቻለሁ፣ ከደላላ ጋር ተከራክሬያለሁ። “ቤት የምትሠሩ፣ የምታድሱ፣ መሬት የምትገዙ ጠይቁኝ” ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ልገዛው ያሰብኩት ቦታ አራት ጎን አለው፣ ግን የተጣመመ ነው። ዙሪያውን ስለካ 12፣ 9፣ 13 እና 14 ሜትር መጣ። ስንት ካሬ ይሆናል?

መ፦ በእነዚህ አራት ቁጥሮች ብቻ ማንም በትክክል ሊነግርህ አይችልም። አራት እንጨት ጫፍና ጫፋቸውን በሚስማር አያይዝና ገፋ አድርገው። ይዘምማል። የእንጨቶቹ ርዝመት ያው ነው፣ መሃል ያለው ቦታ ግን ይጠባል። ስለዚህ አምስተኛ ልክ ያስፈልግሃል፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄደው ሰያፍ።

ደላላው ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች አማካይ ይወስዳል። የ12 እና የ13 አማካይ 12.5፣ የ9 እና የ14 ደግሞ 11.5። ያባዛቸውና “143.75 ካሬ” ይልሃል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ግብፅ ውስጥ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጹ መሬቶች ስፋት የተሰላው በዚሁ መንገድ ነው። ችግሩ፣ ማዕዘኖቹ ሁሉ ቀጥ ካላሉ በስተቀር ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚያወጣው። ለሻጭ ይመቻል። ለአንተ አይመችም።

ጥ፦ ሄጄ ለካሁት። 12ቱን እና 9ኙን ከአንድ ወገን አድርጎ የሚያልፈው ሰያፍ 15 ሜትር ነው።

መ፦ ጎበዝ። አሁን ሁለት ሦስት ማዕዘን አለህ። የመጀመሪያው 9፣ 12፣ 15 ነው። ግንበኞች ማዕዘን የሚያወጡበት የ3፣ 4፣ 5 ልክ በሦስት ተባዝቶ ነው፤ ስለዚህ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። 9 በ12 ለ2 ሲካፈል 54 ካሬ።

ሁለተኛው 13፣ 14፣ 15 ነው። ደምራቸው፤ 42። ግማሹ 21። ከ21 ላይ እያንዳንዱን ጎን ቀንስ፤ 8፣ 7 እና 6 ይመጣል። 21፣ 8፣ 7 እና 6ን አባዛቸው፤ 7,056። ስኩዌር ሩቱን በስልክህ አውጣ፤ 84 ካሬ። ጠቅላላው 138 ነው። ከደላላው ሒሳብ ጋር ልዩነቱ 5.75 ካሬ፤ አንድ ትንሽ ማድ ቤት ያህላል። በአካባቢህ የካሬ ዋጋ አባዛውና ተመልከት።

ጥ፦ የበረንዳ ወለል ኮንክሪት ላስሞላ ነው። 6 በ4፣ ውፍረቱ 10። ሳባዛው 240 ኩብ መጣ። የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ መሰለኝ።

መ፦ አንድ ፎቅ ልትሠሪ ነበር እንዴ! 10ሩ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሌሎቹ ሜትር ናቸው። 10 ሴንቲ 0.10 ሜትር ስለሆነ 2.4 ኩብ ብቻ ነው። ይህን ስህተት ደህና አድርገው የተማሩ ሰዎችም ሲሠሩት አይቻለሁ።

ሌላው የሚረሳው ነገር ይኼ ነው። አሸዋው በጠጠሩ መሃል ስለሚገባ፣ ሲሚንቶውም በአሸዋው መሃል ስለሚገባ፣ አንድ ኩብ ኮንክሪት አንድ ኩብ ተኩል ያህል ደረቅ ዕቃ ይበላል። በ1 ለ2 ለ3 ቡኬት (1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር) ከሆነ ለ2.4 ኩብ ወደ 18 ከረጢት ሲሚንቶ (9 ኩንታል)፣ 1.2 ኩብ አሸዋና 1.8 ኩብ ያህል ጠጠር ያዢ። ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሪበት።

ጥ፦ አንድ መኪና አሸዋ “16 ኩብ ነው” ተብዬ ከፈልኩ። ትንሽ መሰለኝ። ከተራገፈ በኋላ ማረጋገጥ ይቻላል?

መ፦ ይቻላል፣ ግን ያስቸግራል። ክምሩ ሾጣጣ ከሆነ፦ የመቀመጫውን ራዲየስ በራሱ አባዛ፣ በ3.14 አባዛ፣ በከፍታው አባዛ፣ ለ3 አካፍል። ግምት ነው እንጂ ልኬት አይባልም።

በሚቀጥለው ሳይራገፍ ለካ። የጭነት ሳጥኑ ውስጡ 5.4 በ2.3 ቢሆንና አሸዋው 1.2 ሜትር ቢደርስ 14.9 ኩብ ነው። ከፍታውን ፌሮ እየሰካህ አራት አምስት ቦታ ላይ ለክተህ አማካዩን ውሰድ፤ አሸዋ መሃሉ ጎብጦ ጠርዙ ላይ ያንሳል። እርጥበቱንም ተጠንቀቅ። ረጠብ ያለ አሸዋ ከደረቁ ከ20 እስከ 30 በመቶ ድረስ ሊያብጥ ይችላል። ሲደርቅ የሚያንሰው ሰው ሰርቆህ ላይሆን ይችላል።

ጥ፦ ሳሎኔ 4.20 በ3.70 ነው። 60 በ60 ሴራሚክ ስንት ካርቶን?

መ፦ 15.54 ካሬ። ለቁራጭና ለስብራት 10 በመቶ ስትጨምሪ ወደ 17.1። ካርቶኑ 4 ፍሬ ከያዘ 1.44 ካሬ ነው፤ 12 ካርቶን ግዢ። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ የምርት ቁጥር። በኋላ የሚጨመር ሴራሚክ ቀለሙ ላይገጥም ይችላል።

ጥ፦ ከሜሪላንድ ነው። እህቴ “200 ካሬ ቦታ” አለችኝ። በስኩዌር ፊት?

መ፦ በ10.76 አባዛው፤ 2,152 ያህል።

ጥ፦ ለቆርቆሮና ለዝናብ ውኃ የጣሪያው ስፋት አንድ ነው?

መ፦ አይደለም። ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ቆርቆሮ የሚገዛው በተዳፋቱ ርዝመት ነው። ጣሪያው 8 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር አግድም ስፋት ኖሮት ባንዱ ወገን በ1.5 ሜትር ከፍ ካለ፣ ተዳፋቱ 6.18 ሜትር ገደማ ነው። 49.5 ካሬ ቆርቆሮ፣ ሲደራረብ የሚጠፋው ሳይቆጠር።

ዝናብ ግን የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው። ለእሱ 48 ካሬ ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 960 ሊትር። አንድ አምስተኛው ቢፈስ ቢረጭ እንኳ ወደ አራት በርሜል ይሞላልሃል።

ጥ፦ የሰፈራችን እንጀራ ሻጭ ምጣዳቸውን ከ60 ሴንቲ ወደ 50 ቀየሩ። “በ10 ሴንቲ ምን ይጎድላል?” ይላሉ።

መ፦ ብዙ ይጎድላል። ክብ ነገር የሚያንሰው በሁሉም አቅጣጫ ነው። 60 በ60 3,600፤ 50 በ50 2,500። ዲያሜትሩን በራሱ ማባዛት ለማወዳደር ይበቃል። ከ30 በመቶ በላይ ቀርቷል። የአሁኑ ሦስቱ የድሮውን ሁለት ትንሽ ነው የሚበልጠው። ደግሞ ከሳሳ፣ ውፍረቱ ይገባና ነገሩ ወደ ኩብ ይሄዳል፤ እሱን እንኳ ተዪው።