የዳታው መጠን 8 ስለሆነ አላይንመንቱም 8 ነው ብላችሁ አትገምቱ

ሰላም ወንድሜ። ሌላውም ሰው እንዲከተለን ጥያቄህን ልድገመው። በሲ ቋንቋ አንድ ቻር (1 ባይት)፣ ቀጥሎ አንድ ደብል (8 ባይት የሚይዝ የነጥብ ቁጥር)፣ ከዚያ ሌላ ቻር የያዘ ስትራክት (ዳታዎችን አንድ ላይ የሚያስር ዓይነት) ሠራህ። 10 ባይት ጠበቅክ፤ መጠን የሚነግረው ሳይዝኦፍ ግን 24 አለህ። አላይንመንት ማለት የዳታው አድራሻ ለስንት መካፈል እንዳለበት የሚናገር ቁጥር ነው። «የእያንዳንዱን ዓይነት አላይንመንት በምን አውቃለሁ? ከመጠኑ ጋር እኩል ነው ብዬ ልለፈው?» ነው ያልከው።

አትለፈው። ኮምፓይለሩን ጠይቀው።

መጀመሪያ 24ቱ ከየት እንደመጣ እንይ። በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ የደብል አድራሻ ለ8 መካፈል አለበት። የመጀመሪያው ቻር 0 ላይ ይቀመጣል። ደብሉ 1 ላይ መጀመር አይችልም፤ 7 ባይት ተዘሎ 8 ላይ ይጀምራል። ሁለተኛው ቻር 16 ላይ ያርፋል። እዚህ ያለቀ ይመስላል። ግን ስትራክቱን በአሬይ ስትደረድረው የሚቀጥለውም ደብል ቦታውን መያዝ አለበት። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሌላ 7 ባይት ይጨመራል። ደብሉን ከላይ አድርገህ ሁለቱን ቻሮች ከሥሩ አስከትላቸው፤ ወደ 16 ይወርዳል።

መጠየቂያው አላይንኦፍ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ከ2011 ጀምሮ አለ። በሲ 11 ደግሞ ስቲዲአላይን የሚባለውን ሄደር ካስገባህ በዚሁ ስም ትጠራዋለህ፤ በሲ 23 ሄደሩም አያስፈልግም። በጣም የቆየ ኮምፓይለር ላይ ከሆንክ አንድ ቻርና የምትፈልገውን ዓይነት በአንድ ስትራክት አስቀምጥና የሁለተኛውን ቦታ ከስትራክቱ መጀመሪያ ስንት ባይት እንደሚርቅ በሚነግረው በኦፍሴትኦፍ ጠይቅ። የሚመጣው ቁጥር አላይንመንቱ ነው።

አሁን ያንኑ ኮድ በጂሲሲ ኮምፓይለር ለ32 ቢት ኢንቴል ሊኑክስ ኮምፓይል አድርገው። የደብል መጠን ያው 8 ነው። አላይንመንቱ ግን 4 ይሆናል፤ ስትራክትህም 16። ግምት ገደል የሚከተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፦ ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያለው የጂሲሲ የራሱ አላይንኦፍ በዚሁ ማሽን ላይ 8 ይላል። እሱ የሚነግርህ የሚመረጠውን እንጂ ዝቅተኛውን አይደለም። የሲ 11ዱም ከጂሲሲ 8 በፊት እንደዚያው ይመልስ ነበር። ስለዚህ የኮምፓይለርህን ቨርዥን እይ።

ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገርህ። ከሴንሰር የሚመጣ ፓኬት የሚያነብ ኮድ ኮርቴክስ ኤም0 ለሚባል ትንሽ ፕሮሰሰር ጽፌ ነበር። የመጀመሪያው ባይት የመልእክቱ ዓይነት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ባለ4 ባይት ቁጥር አለ። የባይቱን አድራሻ የያዘውን ፖይንተር እንደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ፖይንተር እንዲቆጠር ካስት አድርጌ አነበብኩት። ላፕቶፔ ላይ ምንም አላለም። ቦርዱ ላይ ግን የመጀመሪያው ፓኬት እንደገባ ቀጥ ይላል። ሁለት ቀን ገመዱን ጠረጠርኩ፤ እንደገና በየድኩት። በመጨረሻ ዲበገር ላይ አድራሻውን አየሁት፤ መጨረሻው 5 ነው። ፓኬቱ የሚቀመጥበት በፈር ለ4 በሚካፈል ቦታ ይጀምራል፤ አንድ ባይት ስዘል ተዛነፈ። ኢንቴል እንዲህ ያለውን ንባብ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ኤም0 ግን ሃርድ ፎልት የሚባል ስሕተት ሰጥቶ ይቆማል። በሲ ሕግም ያ ካስት ራሱ ያልተፈቀደ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ መሥራቱ ትክክል አያደርገውም።

መፍትሔው 4ቱን ባይት በሜምኮፒ ወደ አንድ ኢንት መገልበጥ ነው። ኮምፓይለሩ ለማሽኑ የሚስማማውን ያወጣልሃል። ብዙ ሰው ስትራክቱን ፓክድ አድርገው ይልሃል። ፓዲንጉ (በመሃልና በመጨረሻ የሚገባው ባዶ ባይት) ይጠፋል፣ እውነት ነው። ግን የአንዱን ፊልድ አድራሻ ወስደህ ለሌላ ፈንክሽን ከሰጠህ እዚያው ችግር ውስጥ ተመልሰህ ትገባለህ።

ስትራክትህ ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ማሽን የሚሄድ ከሆነ የጠበቅከውን ሳይዝኦፍና አላይንኦፍ ኮምፓይል ሲደረግ በሚፈትሸው በስታቲክ አሰርት እኮዱ ውስጥ ጻፈው። ማሽኑ ሲቀየር ቢልዱ ራሱ እምቢ ይልሃል፤ ቦርድ ላይ አትፈልገውም። እስቲ በ64ም በ32ም ሞክረህ የወጣልህን ቁጥር እዚሁ ለጥፍልን፤ የተለየ ነገር ካየህ አብረን እናየዋለን።