መልስ፦ የቡፌ ጌጥ ሸክላ ቀለም መቀባት ከየት ልጀምር?

ሰላም እህቴ፣ ጅማ ሆነሽ ያለ ሸክላ መተኮሻ ምድጃ የቡፌ ጌጦችን ቀብተሽ ማንጸባረቅ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ለጊዜው በአክሪሊክ ቀለም ጀምሪ። የሚያብለጨልጨውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ሻከር አድርጊው፣ በስሱ ደራርበሽ ቀቢ፣ ሲደርቅ ቫርኒሽ። ለጌጥ ብቻ ነው ታዲያ፣ ሲኒ ላይ እንዳትሞክሪው።

እውነተኛው ግሌዝ ግን እሳት ውስጥ ቀልጦ መስታወት የሚሆን ነገር ነው። ለተለመደው ሸክላ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ የቤት ኦቨን 250 አካባቢ ላይ ያበቃለታል። የጀበና ሠሪዎቹም ክፍት እሳት አይሆንሽም፤ ሙቀቱ ወጣ ገባ ይላል፣ አመዱም ግሌዙ ላይ ይለጠፋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ያለው ሰው ካገኘሽ፣ አንዴ ብቻ የተተኮሰ፣ ውኃ ጠብ ሲያደርጉበት ምጥጥ የሚያደርግ ሸክላ ያዢ። ከግሌዝ ሥር የሚገባውን ቀለም መጀመሪያ ቀቢ፣ ከዚያ ግልጹን ግሌዝ ደርቢበት። ሳይተኮስ ብዙ ጊዜ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ሥዕልሽን ይሸፍነዋል፣ አትደንግጪ፣ እሳቱ ያጠራዋል። ብቻ መቀመጫውን በእርጥብ ስፖንጅ ሙልጭ አድርገሽ ጥረጊ፣ አለበለዚያ ግሌዙ ቀልጦ ከምድጃው መደርደሪያ ጋር ይጣበቅና መዶሻ ነው የሚያላቅቀው።