ያንኑ ወንዝ ደጋግሞ የዋኘው ውሻ

ጥያቄ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተከራክረናል። እሱ የመጀመሪያው የሲኒማ ውሻ ሪን ቲን ቲን ነው ይላል። እኔ ደግሞ ከእሱ በፊት ሌላ እንደነበረ አንብቤአለሁ፤ ስሙ ግን ጠፋኝ። ማን ይሆን? ለመሆኑ በዚያ ዘመን ውሻን እንዴት አድርገው ነው ያስተወኑት?
የድሮ ፊልም ወዳድ

መልስ፦ ረትተዋል። ሪን ቲን ቲንን አንድ አሜሪካዊ ወታደር በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ገና ቡችላ ሳለ ነው ያገኘው። ፊልም የጀመረው በ1922 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጠፋብዎት ስም ብሌየር ሳይሆን አይቀርም። ብሌየር እንግሊዝ አገር ዋልተን ኦን ቴምስ በምትባል ከተማ የነበረ ኮሊ (ረጅም ፀጉር ያለው የበግ ጠባቂ ውሻ ዝርያ) ነው። ባለቤቱ ፊልም ሠሪው ሴሲል ሄፕዎርዝ ነበር። በ1905 «ሬስኪውድ ባይ ሮቨር» በሚለው ፊልም ላይ ሮቨር ተብሎ ተወነ። ሥራው የቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል፦ አባትየው ራሱ ሄፕዎርዝ፣ እናትየው ሚስቱ፣ የምትሰረቀው ሕፃን ደግሞ የገዛ ልጃቸው ናት። ታሪኩንም የጻፈችው ሚስቱ ናት። ከውጭ ለመጡት ተዋንያን የተከፈላቸው ለእያንዳንዳቸው 10 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ነበር፤ ያውም የባቡር ትኬታቸውን ጨምሮ። የፊልሙ ጠቅላላ ወጪ 8 ፓውንድ እንኳ አልሞላም።

ታሪኩ አጭር ነው። ሞግዚቷ ከወታደር ጋር ወሬ ስትይዝ አንዲት ለማኝ ሕፃኗን ሰርቃ ትሄዳለች። ብሌየር በመስኮት ዘሎ ይወጣል። መንገዱን ይሮጣል፣ ጥግ ይታጠፋል፣ ወንዙን ይዋኛል። ማዶ ሲደርስ ውሃውን ከላዩ አራግፎ ይቀጥላል። ከዚያ የድሆች ሰፈር ውስጥ በር በበር ይፈትሻል። እኔ ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥርም፤ ሁሌም የምጠብቀው ግን ያችን ውሃውን የሚያራግፍባትን ቅጽበት ነው። ማንም አላዘዘውም። ውሻ ሲረጥብ የሚያደርገው ነው፣ በቃ።

ስለ ትወናው ለጠየቁት መልሱ ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ብሌየር ይሮጣል፣ ይዋኛል፣ በር ያሸታል እንጂ «ተጨንቄአለሁ» የሚል ፊት አያሳይም። የሚጨነቀው ተመልካቹ ነው። የፊልሙ ቁርጥራጮች ሲገጣጠሙ ሩጫው ሁሌም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሲመለስ ደግሞ በዚያው መንገድ፣ በተገላቢጦሽ። ስለዚህ ያለ አንድ ጽሑፍ የት እንዳለ እናውቃለን። ደግሞ ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው። አሠልጣኙ ከካሜራው ወዲያ ሆኖ ቢጮህ፣ ቢያፏጭ ማን ይሰማዋል? በድምፅ አልባው ዘመን የነበሩ ውሾች በዚህ እጅግ ተጠቅመዋል።

ፊልሙ ወደ 400 የሚጠጋ ቅጂ ተሸጠ። በዚያን ጊዜ ቅጂ የሚወጣው ከዋናው ኔጋቲቭ (ካሜራው ውስጥ ከተቀረጸው የመጀመሪያ ፊልም) ላይ ስለነበር ኔጋቲቩ ከመደጋገም ብዛት አለቀ። መፍትሔው ምን ሆነ? ፊልሙን ከሀ እስከ ፐ እንደገና መቅረጽ። ሁለተኛውም ሲያልቅ ሦስተኛ ጊዜ ተቀረጸ። ምስኪኑ ብሌየር ያንኑ ወንዝ እንደገና ገባበት።

በ1908 በወጣ ሌላ ፊልም ላይ ደግሞ የተጠለፈች ልጅ አስጥሎ መኪና ሲነዳ እናየዋለን። አዎ፣ መሪ ጨብጦ! ከመኪናው ይልቅ ወንዙን እመርጣለሁ፤ ይህ የእኔ ጣዕም ነው። ብሌየር በ1914 ሞተ።

ወንድምዎ «እኔ ያልኩት አሜሪካን ነው» ብሎ ቢያመልጥዎ፣ እዚያም ጂን የምትባል ኮሊ ነበረች። ላሪ ትሪምብል የተባለው ጌታዋ ኒው ዮርክ የነበረው ቫይታግራፍ የፊልም ኩባንያ ውስጥ ያሠራት ነበር። ኋላ ሁለት ጊዜ ኦስካር የወሰደችው ሄለን ሄይስ በ1910 ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ከጂን ጋር ተውናለች። ያን ጊዜ ሪን ቲን ቲን አልተወለደም።